ቤትና መንገድ፤ የሎንዶን ከተማ ረጅም ክርክር

አንድ ትልቅ ከተማ ሲመሠረትም ሆነ ሲስፋፋ ሁለት ጥያቄዎች ከአስተዳዳሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ አይጠፉም። አንደኛው፣ ከተማውን በጉልበቱና በሙያው የሚያቆመው ሠራተኛ በምን ዋጋና በየትኛው ሥፍራ ይኖራል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው ሠራተኛ ከቤቱ ወደ ሥራው በምን ይጓዛል፤ የመንገዱንስ ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። በብዙ ከተሞች ሁለቱ ጥያቄዎች በሁለት መሥሪያ ቤቶች፣ በሁለት መዝገቦች፣ አንዳንድ ጊዜም እርስ በርሳቸው በማይነጋገሩ ባለሙያዎች ሲጠኑ ኖረዋል። ይሁን እንጂ የአንድ ከተማ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር ጥያቄዎቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸው ይታያል።

ለዚህ ምርመራ ከሎንዶን የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የሎንዶን የምክር ቤት አባላት ስለ ሠራተኛው መኖሪያ ቤትና ስለ ባለመኪናው ክፍያ የተከራከሩት ለአንድ የምርጫ ዘመን ብቻ ሳይሆን ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ የምክር ቤት ቤቶች

የሎንዶን ካውንቲ ምክር ቤት በ1889 ተቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1890፣ የሠራተኛውን መደብ መኖሪያ የሚመለከት ሕግ በመውጣቱ፣ ምክር ቤቱ የተጎሳቆሉ ሠፈሮችን አፍርሶ በምትካቸው የኪራይ ቤት ለመሥራት የሚያስችል ሥልጣን አገኘ። ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ ከተመረጡት ሥፍራዎች አንዱ በምሥራቅ ሎንዶን በሾርዲች አጠገብ የነበረው ኦልድ ኒኮል የተባለው ሠፈር ነው። ጠባብ መተላለፊያዎችና እርጥበት የበላቸው ክፍሎች ስለ ነበሩበት፣ የሞት ብዛቱ በከተማው እጅግ ከከፉት አንዱ ነበር። ሠፈሩ ፈርሶ የባውንደሪ መኖሪያ ሠፈር ተሠራና በ1900 የዌልስ ልዑል በተገኙበት ተመረቀ። የፈረሱት ቤቶች ፍርስራሽ በመካከሉ ተከምሮ ዛሬም ድረስ የሚታየው ክብ የአትክልት ሥፍራ ሆነ።

በሥነ ሕንፃ በኩል ሥራው የሚመሰገን ነበር። በማኅበራዊ ሒሳብ በኩል ሲታይ ግን ከባድ ጉድለት ነበረበት። ከፈረሱት ቤቶች ከ5,000 በላይ ሰዎች እንዲለቅቁ ተደርጎ ሳለ፣ ወደ አዲሶቹ ቤቶች የገቡት የቀድሞ ነዋሪዎች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአዲሱ ቤት ኪራይ ለአናጢው፣ ለጸሐፊውና ለነርሷ እንጂ ለቀን ሠራተኛው አልተመጠነም ነበር። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ዕቃቸውን ጭነው በአካባቢው ወደሚገኙት ሌሎች የተጎሳቆሉ ሠፈሮች ተበተኑ። ምክር ቤቱ ቤት ሠራ፤ ነገር ግን ችግሩን ከአንድ ሠፈር ወደ ሌላው አዛወረ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919 በወጣው የቤቶች ሕግ አማካይነት የመንግሥት ድጎማ ሲፈቀድ፣ ምክር ቤቱ ርካሽ መሬት ፍለጋ ወደ ከተማው ዳርቻ ወጣ። ከ1921 ጀምሮ በቤኮንትሪ የተሠራው ሠፈር ወደ 26,000 የሚጠጉ ቤቶች ነበሩት። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የመታጠቢያ ክፍል፣ በጓሮውም የአትክልት ቦታ መኖሩ ከጠባብ ክፍሎች ለመጣው ቤተሰብ ትልቅ ለውጥ ነበር። ይሁን እንጂ ሥፍራው ከከተማው መካከል ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሲሆን፣ በ1931 የፎርድ መኪና ፋብሪካ በአቅራቢያው በዳገናም ሥራ እስኪጀምር ድረስ በአካባቢው በቂ ሥራ አልነበረም። ስለዚህ ነዋሪው በኪራይ ላይ የባቡር ዋጋ መጨመር ግድ ሆነበት። የቤት ዋጋና የጉዞ ዋጋ የአንድ ሰው ኪስ ሁለት ቀዳዳዎች መሆናቸው በዚህ ጊዜ በገሃድ ታየ።

የቀለበቱ ፕላን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሎንዶን በአየር ድብደባ ብዙ ቤቶች ስታጣ፣ መልሶ የመገንባቱን ፕላን እንዲያዘጋጁ የተመረጡት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ። እርሳቸውም በ1943 ከጆን ፎርሾ ጋር የካውንቲውን ፕላን፣ በ1944 ደግሞ የታላቋን ሎንዶን ፕላን አቀረቡ። የፕላኑ ዋና ዓላማ ከተጨናነቀው የውስጥ ከተማ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ውጭ ማስፈር፣ ከተማውን በአረንጓዴ መቀነት መክበብና የመኪናውን ፍሰት በቀለበት መንገዶች መምራት ነበር። በ1946 የአዳዲስ ከተሞች ሕግ ወጥቶ ስቲቭኔጅ የመጀመሪያዋ ሆነች። ስማቸው ለአዲስ አበባ መሐንዲሶችም እንግዳ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ያዘጋጁት እኚሁ ሊቅ ናቸው።

በፕላኑ ውስጥ ቤቱና መንገዱ በአንድ ወረቀት ላይ ተስለው ነበር። በአፈጻጸም ጊዜ ግን ተለያዩ። ቤቶቹ በገንዘብና በፖለቲካ ጥድፊያ ሲሠሩ፣ ቀለበቶቹ በወረቀት ላይ ቆዩ። በዚያ መካከል የመኪናው ቁጥር ፕላኑን ያወጡት ሰዎች ካሰቡት በላይ ጨመረ።

በ1963 የኮሊን ቡካናን ዘገባ ታትሞ የመኪና ብዛት ከተማን ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ለሕዝብ አስረዳ። በሚቀጥለው ዓመት በ1964 ደግሞ በሩበን ስሚድ የሚመራ የባለሙያዎች ቡድን በመንገድ ላይ ዋጋ ስለ መጣል የጻፈው ዘገባ ወጣ። የስሚድ ሐሳብ ለመሐንዲስ ዓይን ቀላል ነው። አንድ መንገድ ከመሸከም አቅሙ አጠገብ ሲደርስ፣ የሚጨመረው እያንዳንዱ መኪና በራሱ ላይ ከሚያደርሰው መዘግየት ይልቅ በሌሎች ላይ የሚያደርሰው ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ መኪና ተጨምሮ ከኋላው የሚመጡትን 1,000 መኪናዎች እያንዳንዳቸውን ለሦስት ሰከንድ ብቻ ቢያዘገይ፣ በጠቅላላው 50 ደቂቃ ከሌሎች ሰዎች ጊዜ ወስዷል ማለት ነው። ሾፌሩ ቤንዚኑንና የራሱን ጊዜ ይከፍላል፤ ይህን 50 ደቂቃ ግን ማንም አያስከፍለውም። ስለዚህ በተጨናነቀ ቦታና ሰዓት ዋጋ ቢጣል፣ ጉዞው የማያስፈልገው ሰው ይቀራል፤ ወይም ሰዓቱን ይለውጣል። ቡድኑ ይህ አሠራር በቴክኒክ በኩል የሚቻል መሆኑን አረጋገጠ። መንግሥት ግን ባለመኪናውን መራጭ ለማስቀየም ስላልፈለገ ዘገባው ከመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ቤት ከመንገድ ይቀድማል

በ1965 የካውንቲው ምክር ቤት ተሽሮ በምትኩ ሰፋ ያለ ግዛት ያለው የታላቋ ሎንዶን ምክር ቤት ተቋቋመ። አዲሱ ምክር ቤት የአበርክሮምቢን ቀለበቶች አንሥቶ የቀለበት አውራ ጎዳናዎች ፕላን አወጣ። ከሁሉ ውስጠኛው ቀለበት በቆዩ የመኖሪያ ሠፈሮች መካከል ሰንጥቆ የሚያልፍ ሲሆን፣ ፕላኑ ሙሉ በሙሉ ቢፈጸም ኖሮ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው መፈናቀላቸው የማይቀር ነበር። በመጀመሪያ ሁለቱም ትላልቅ ፓርቲዎች ፕላኑን ደግፈው ነበር። የትራፊክ ቆጠራው፣ የፍሰቱ ትንበያና የወጪው ሰንጠረዥ ሁሉ መንገዱ አስፈላጊ መሆኑን የሚያሳይ መሰለ።

በዚሁ ዘመን የቤቱ ሥራ በሌላ ጥድፊያ ውስጥ ነበር። በ1956 የወጣው የድጎማ ሕግ ፎቁ በጨመረ ቁጥር ለየቤቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ከፍ ያደርግ ስለ ነበር፣ የወረዳ ምክር ቤቶች ወደ ረጃጅም ሕንፃዎች አዘነበሉ። ሥራውን ለማፋጠንም በፋብሪካ የተዘጋጁ ተገጣጣሚ የኮንክሪት ግድግዳዎችን መጠቀም ተለመደ። በኒውሃም ወረዳ የተሠራው ሮናን ፖይንት የተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ ከእነዚህ አንዱ ነው። ግንቦት 16 ቀን 1968 ማለዳ፣ ተከራዮች መግባት ከጀመሩ ገና ሁለት ወር ያህል ሲሆን፣ በ18ኛው ፎቅ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ጋዝ ፈነዳ። ፍንዳታው ሸክም ተሸካሚውን የጎን ግድግዳ ገፍቶ ሲያወጣው፣ ከላይ ያሉት ወለሎች ድጋፍ አጥተው ወደቁ፤ የእነርሱም ክብደት ከታች ያሉትን ይዞ ወረደ። የሕንፃው አንድ ማዕዘን እስከ ታች ድረስ ሲናድ አራት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው የመገጣጠሚያዎቹን ደካማነት አጋለጠ። በ1970 የተሻሻለው የግንባታ ደንብም አንድ ክፍል ቢጎዳ ጉዳቱ ወደ መላው ሕንፃ እንዳይዛመት ማድረግን ግዴታ አደረገ። ዛሬ በየአገሩ መሐንዲሶች የሚከተሉት የዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከዚያች ማለዳ ጀምሮ ነው።

የመንገዱ ፈተና የመጣው ሐምሌ 28 ቀን 1970 ነው። በዚህ ቀን ዌስትዌይ የተባለው፣ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና አብዛኛው በኮንክሪት ዓምዶች ላይ የተሸከመ ጎዳና በሰሜን ኬንሲንግተን ላይ ተከፈተ። በኢንጂነሪንግ ሥራነቱ የሚደነቅ ነበር። ነገር ግን በአክላም ጎዳና የሚኖሩት ሰዎች ከመኝታ ክፍላቸው መስኮት ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ቀንና ሌሊት መኪና ያልፍባቸው ጀመር። የትራንስፖርት ሚኒስትር ዴኤታው ማይክል ሄዝልታይን መንገዱን ሲመርቁ፣ ነዋሪዎቹ ከዚህ ሲኦል አውጥታችሁ ሌላ ቤት ስጡን የሚል ትርጉም ያለው ትልቅ ጽሑፍ በቤታቸው ላይ ሰቅለው ነበር። በሕጉ መሠረት ቤቱ የፈረሰበት ሰው ካሣ ያገኝ ነበር፤ ቤቱ ሳይፈርስ ከመንገዱ ሥር የቀረው ግን የሚያገኘው አልነበረም። የመሐንዲሶቹ የወጪ ሰንጠረዥም ይህን ሰው የሚመዘግብበት ዓምድ አልነበረውም። ጉድለቱ የታረመው በ1973 በወጣው የመሬት ካሣ ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በድምፅ፣ በንዝረትና በጭስ ምክንያት የቤቱ ዋጋ የወደቀበት ሰው ካሣ የመጠየቅ መብት አገኘ።

መንገዱ ከመከፈቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ በሚያዝያ 1970 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ፣ ቤት ከመንገድ ይቀድማል የሚል ስም የያዘ አዲስ ቡድን ዕጩዎቹን አቅርቦ ነበር። አንድም ወንበር አላሸነፈም። ነገር ግን የምርጫው ውጤት የክርክሩ ፍጻሜ አልነበረም። በፍራንክ ሌይፊልድ ሰብሳቢነት በተካሄደው የሕዝብ ምርመራ ላይ ከ20,000 በላይ ተቃውሞዎች ቀረቡ። ተቃዋሚዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ከመካከላቸው የራሳቸውን የትራፊክ ስሌት ይዘው የቀረቡ ኢኮኖሚስቶችና የፕላን ባለሙያዎች ነበሩ። አዲስ መንገድ አዲስ ጉዞን እንደሚወልድ፣ ትንበያውም ይህን እንዳልቆጠረ አስረዱ። በሚያዝያ 1973 ምርጫ የሌበር ፓርቲ ቀለበቶቹን እሰርዛለሁ ብሎ አሸነፈ፤ ቃሉንም ፈጸመ። ወንበር ያላገኘው ቡድን ስሙ የያዘው ሐሳብ አሸናፊ ሆነ። ከፕላኑ የተረፉት የውጭ ክፍሎች ተቀጣጥለው በ1986 የተጠናቀቀውን ኤም 25 የተባለውን ቀለበት መንገድ ሠሩ።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት መንገዶች

መንገዱ ከቀረ በኋላ የመኪናው መጨናነቅ በምን ይቀነስ የሚለው ጥያቄ ወደ ምክር ቤቱ ተመለሰ። በ1970ዎቹ መካከል ወደ ከተማው እምብርት የሚገባ መኪና ልዩ የፈቃድ ወረቀት እንዲገዛ የሚያደርግ ጥናት ተዘጋጀ፤ ምክር ቤቱ ግን ተወው። በዚያው ዘመን፣ ሰኔ 2 ቀን 1975፣ ሲንጋፖር ይህንኑ አሠራር ሥራ ላይ አዋለች። በጠዋቱ የመግቢያ ሰዓት ወደ ከተማው መካከል የሚገባ የግል መኪና በመስታወቱ ላይ የቀን ዋጋው ሦስት የሲንጋፖር ዶላር የሆነ ፈቃድ መለጠፍ ነበረበት። አራት ሰው የጫነ መኪና ከክፍያው ነፃ ነበር። ቁጥጥሩ የሚካሄደው በመግቢያው በቆሙ ሰዎች ዓይን እንጂ በረቀቀ መሣሪያ አልነበረም።

ሲንጋፖር ይህን ልታደርግ የቻለችበት አንዱ ምክንያት የቤቱ ጥያቄ አስቀድሞ በመያዙ ነው። በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ልማት ቦርድ የሠራተኛውን መኖሪያ በብዛት እየሠራ፣ አዳዲሶቹን ሠፈሮች ከአውቶቡስ መሥመር ጋር እያያዘ ይገነባ ነበር። ክፍያውን ያልፈለገ ሰው የሚሳፈርበት ነበረው። በእርግጥ የሲንጋፖር መንግሥት መሬቱን በሰፊው በእጁ ያስገባና ጠንካራ ተቃዋሚ በምክር ቤቱ ያልነበረበት ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይሆንም። በሎንዶን እያንዳንዱ እርምጃ በምርጫ፣ በፍርድ ቤትና በጋዜጣ ፊት ማለፍ ነበረበት።

ይህም በ1981 ታየ። በኬን ሊቪንግስተን የሚመራው የሌበር ምክር ቤት ባለመኪናውን ከማስከፈል ይልቅ አውቶቡሱንና የምድር ውስጥ ባቡሩን ማርከስ ይሻላል በማለት፣ በጥቅምት ወር የጉዞ ዋጋን በሲሶ ያህል ቀነሰ። ጉድለቱንም በቤትና በንብረት ላይ በሚጣለው የአካባቢ ግብር ለመሸፈን አሰበ። የምድር ውስጥ ባቡር የማይደርስባት የብሮምሊ ወረዳ ምክር ቤት፣ የማንጠቀምበትን ለምን እንከፍላለን ብላ ከሰሰች። በታኅሣሥ 1981 የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች ቅነሳው ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በመጋቢት 1982 የጉዞ ዋጋ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ቤት ያለው ስለ ቤቱ የሚከፍለው ግብር፣ ቤት የሌለው የሚሳፈርበትን አውቶቡስ ይደግፍ ወይስ አይደግፍ የሚለው ክርክር በዚህ ሁኔታ በፍርድ ቤት ተቆረጠ።

በቤቱ በኩል ደግሞ በ1980 የወጣው ሕግ፣ የምክር ቤት ቤት ተከራይ የሚኖርበትን ቤት በከፍተኛ ቅናሽ የመግዛት መብት ሰጠው። ለብዙ ቤተሰቦች ይህ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት የማግኛ የመጀመሪያ ዕድላቸው ስለ ነበር በደስታ ተቀበሉት። ነገር ግን የወረዳ ምክር ቤቶች ከሽያጩ ባገኙት ገንዘብ ምትክ ቤት እንዳይሠሩ በመገደባቸው፣ የተሸጠው እየጨመረ የሚሠራው እየቀነሰ ሄደ። መጋቢት 31 ቀን 1986 የታላቋ ሎንዶን ምክር ቤት ራሱ ተሻረ። ለ14 ዓመታት ሎንዶን መላውን ከተማ የሚወክል የተመረጠ አስተዳደር አልነበራትም።

አምስት ፓውንድ

በ1999 በወጣው ሕግ የሎንዶን ከንቲባ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጥ ተወሰነ። ሕጉ ከንቲባው በመንገድ ላይ ክፍያ እንዲጥል ሲፈቅድ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገኘው የተጣራ ገቢ ለትራንስፖርት ሥራ ብቻ እንዲውል አዘዘ። ይህ ትእዛዝ ክፍያው ሌላ ዓይነት ግብር ነው የሚለውን ጥርጣሬ ለማርገብ የታሰበ ሲሆን፣ ከመንገድ የተሰበሰበ ሳንቲም ወደ ቤት ሥራ እንዳይሻገርም በር ዘጋ።

በግንቦት 2000 በተደረገው ምርጫ ሊቪንግስተን በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ ክፍያውንም እንደሚጥሉ ከምርጫው በፊት በግልጽ ተናግረው ነበር። የወግ አጥባቂው ዕጩ ስቲቨን ኖሪስ ተቃወሙ። ተቃዋሚዎቹ፣ ሀብታሙ አምስት ፓውንድ አይሰማውም፣ ድሃው ሠራተኛ ግን ይቀጣል ሲሉ ተከራከሩ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው፣ በጠዋት ወደ ከተማው እምብርት ከሚገቡት ከአሥሩ ስምንት የሚበልጡት በሕዝብ ማመላለሻ የሚመጡ ስለ ሆነ፣ ድሃው የሚገኘው በመኪና ውስጥ ሳይሆን መኪና በዘጋው አውቶቡስ ውስጥ ነው ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በአሮጌ መኪና የሚጓዝ ሠራተኛ መኖሩ አልቀረም፤ ብዙሃኑ ግን በአውቶቡስ ተሳፋሪ ነበር። የዌስትሚንስተር ወረዳ ምክር ቤት ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደው፤ በሐምሌ 2002 ተረታ።

የካቲት 17 ቀን 2003 ክፍያው ተጀመረ። 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ወዳለው ክልል በሥራ ቀን የሚገባ መኪና አምስት ፓውንድ ከፈለ። በመግቢያዎቹ የተተከሉ ካሜራዎች የሰሌዳ ቁጥር እያነበቡ ከከፈሉት መዝገብ ጋር ያመሳክሩ ነበር። በክልሉ ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች 90 በመቶ ቅናሽ ተሰጠ። ከዚያው ጋር 300 ያህል ተጨማሪ አውቶቡሶች ተሰማሩ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ክልሉ የሚገቡት መኪናዎች በ18 በመቶ ያህል፣ መጨናነቁም በ30 በመቶ ያህል ቀነሱ። ስሚድ በ1964 ይቻላል ያለው ነገር ከ39 ዓመት በኋላ መቻሉ ታየ።

ውጤቱ ግን ጥላም ነበረው። ከተሰበሰበው ገቢ ትልቅ ክፍል ለአሠራሩ ለራሱ ማስኬጃ ዋለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የመኪናው ብዛት እንደ ቀነሰ ቢቆይ እንኳ፣ የውሃና የጋዝ መሥመር ለማደስ በሚደረገው ቁፋሮና መንገዱ ለአውቶቡስና ለእግረኛ በመከፈሉ ምክንያት ፍጥነቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በ2007 ክልሉ ወደ ምዕራብ ሲስፋፋ ተቃውሞው በረታ። በ2008 የተመረጡት ከንቲባ ቦሪስ ጆንሰን የምዕራቡን ክፍል በ2011 መግቢያ ላይ አስቀሩት፤ የመካከለኛውን ግን አልነኩትም። በ2005 የኤዲንብራ፣ በ2008 የማንቸስተር ነዋሪዎች ተመሳሳይ ክፍያ በሕዝብ ድምፅ ሲጥሉ፣ በ2006 ለሰባት ወራት ያህል በተግባር ከሞከሩት በኋላ ድምፅ የሰጡት የስቶክሆልም ነዋሪዎች ግን ደገፉት። ሰው ያላየውን ነገር ዋጋውን እንጂ ጥቅሙን ለመገመት እንደሚቸገር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሃምሳ በመቶ

በመንገዱ በኩል ቁጥሩ አምስት ፓውንድ ከሆነ፣ በቤቱ በኩል ቁጥሩ 50 በመቶ ነበር። በ2004 የወጣው የሎንዶን ፕላን በከተማው ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ግማሹ አቅም ያነሰው ሰው ሊከፍለው የሚችል እንዲሆን ግብ አስቀመጠ። የወረዳ ምክር ቤቶች ራሳቸው ብዙ ቤት መሥራት ስላቆሙ፣ ይህ የሚፈጸመው የግል ሠሪው የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ በሚገባው ውል ነበር። ሠሪው ለገበያ ከሚሸጣቸው ቤቶች ጋር የተወሰኑትን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ይስማማል።

የአሠራሩ ደካማ መገጣጠሚያ የአዋጭነት ስሌቱ ነው። ሠሪው ከቤቶቹ ሽያጭ ላይ የግንባታውን ወጪና ትርፉን ቀንሶ የሚተርፈው ለመሬቱ ዋጋ ይውላል። ለመሬቱ አስቀድሞ ብዙ ከፍሎ ከሆነ፣ ርካሽ ቤት የሚጨመርበት ክፍተት በስሌቱ ላይ አይታይም። ስለዚህ ውሉ የሚቀንሰው የመሬቱን ዋጋ ሳይሆን የርካሽ ቤቶቹን ቁጥር ሆነ። የ50 በመቶው ግብ በከተማው በጠቅላላ አልተደረሰበትም፤ ለተራ ተጠባባቂው ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። ጆንሰን በ2008 ከተመረጡ በኋላ የመቶኛውን ግብ ትተው 50,000 ርካሽ ቤቶች በሚል ቁጥር ተኩት። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የማዕከላዊው መንግሥት ድጎማ ኪራያቸው እስከ ገበያው 80 በመቶ ሊደርስ ለሚችል ቤቶች እንዲሰጥ ሲደረግ፣ በሎንዶን ገበያ 80 በመቶ ማለት ለጽዳት ሠራተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ምክር ቤቱን ደጋግሞ አከራከረ። ስሙ አልተለወጠም፤ የሚጠራው ነገር ግን ተለወጠ።

በ2016 የተመረጡት ከንቲባ ሳዲቅ ካን የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ ሲሆኑ ያደጉትም በምክር ቤት ቤት ውስጥ ነው። የ50 በመቶውን ግብ እንደ ረጅም ጊዜ ዓላማ መለሱት፤ በ2017ም 35 በመቶ ለማስረከብ የሚስማማ ሠሪ ዝርዝር የአዋጭነት ስሌት ሳይጠየቅ ፈቃዱ እንዲፋጠንለት አደረጉ። በመንገዱ በኩልም ጭሳቸው ከተወሰነው ደረጃ በላይ በሆነ መኪናዎች ላይ በቀን 12.50 ፓውንድ የሚከፈልበት ደንብ በ2019 ጀምረው፣ በ2021 እና በ2023 እስከ ከተማው ዳርቻ አስፋፉት። በሐምሌ 2023 አምስት የአካባቢ ምክር ቤቶች ያቀረቡት ክስ ውድቅ ሆነ። በዚያው ወር በዳርቻው በአክስብሪጅ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ወግ አጥባቂው ዕጩ በ495 ድምፅ ብልጫ ሲያሸንፍ፣ ብዙዎች ምክንያቱ ይኸው ክፍያ ነው አሉ።

የዚህ ምርጫ ትርጉም ከቁጥሩ በላይ ነው። ከከተማው እምብርት የራቀው ነዋሪ በዚያ የሚኖረው በውስጥ ከተማው የቤት ዋጋ ስላልቻለ ሊሆን ይችላል። አውቶቡሱ ቶሎ ስለማይመጣ መኪና ገዛ፤ ገንዘቡ ስላነሰ የገዛው አሮጌ ነበር፤ አሮጌ ስለ ሆነ ክፍያው እርሱን አገኘው። በሌላ በኩል በዋናው ጎዳና ዳር የሚኖረው፣ መኪናም የሌለው ተከራይ ያንኑ ጭስ ይተነፍስ ነበር። ከንቲባው አሮጌ መኪና ለሚያስወግዱ ሰዎች የገንዘብ ድጋፍ የሰጡትና በነሐሴ 2023 ለሁሉም የከተማው ነዋሪ የከፈቱት ይህ እውነት ስለ ገባቸው ነው። በ1921 በቤኮንትሪ የታየው የሁለት ቀዳዳ ኪስ ከመቶ ዓመት በኋላም አልተሰፋም ነበር።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ ረጅም ክርክር ለባለሙያው የሚተርፉ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ችግሩን ያዘገየው ብዙ ጊዜ ቴክኒኩ አልነበረም። የሲንጋፖሩ አሠራር በወረቀትና በሰው ዓይን ተፈጽሟል። የዘገየው ማን ይከፍላል የሚለው ስምምነት ነው። ስምምነቱን መስጠት የሕዝብና የተወካዮቹ ሥራ ቢሆንም፣ ክፍያው በማን ላይ እንደሚያርፍ በግልጽ አስልቶ ማቅረብ ግን የባለሙያው ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ በሰንጠረዥ ውስጥ ዓምድ ያልተሰጠው ወጪ የለም ማለት አይደለም። በኦልድ ኒኮል የተበተኑት፣ በአክላም ጎዳና መስኮታቸውን ዘግተው የተቀመጡት፣ ከሌላው መኪና ኋላ 50 ደቂቃ የከፈሉት ሁሉ ወጪውን ተሸክመዋል። ልዩነቱ ደረሰኝ አለማግኘታቸው ነው። ሮናን ፖይንት እንዳስተማረው አንድ መገጣጠሚያ ደካማ ሲሆን ሸክሙ አይጠፋም፤ ከታች ወዳለው ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ ቤትና መንገድ አንድ ሒሳብ ናቸው። ሠራተኛውን ወደ ዳርቻ የሚያወጣ የቤት ፕላን የመንገድ ወጪ ወልዷል። ባለመኪናውን የሚያስከፍል ደንብም ሠራተኛው የት እንዲኖር እንደ ተገደደ ካልጠየቀ ሥራውን አልጨረሰም። አበርክሮምቢ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ሲስሉ ትክክል ነበሩ። ስሕተቱ የተፈጸመው ወረቀቱ ለሁለት ተቀዶ ለሁለት መሥሪያ ቤቶች በተሰጠ ጊዜ ነው።